ጠበል የሆነው ፓምፕ

ባለፈው ወር መፍቻዎቼን አስረከብሁ። ሃያ ስምንት ዓመት የእጅ ፓምፕ ስፈታና ስገጥም ኖሬ፣ ባሕር ዳር፣ ፔዳ ከሚባለው ዩኒቨርሲቲ አጠገብ በተከራየነው ግቢ ኬክ ቆረሱልኝና ባለመስታወት ክፈፍ ውስጥ የገባ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ሥራ አስኪያጃችን በዕድሜ ልጄ የምትሆን መሐንዲስ ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም። ሁሉም አጨበጨቡ። እኔ ደግሞ ወረቀቱን አነበብሁት። «አቶ ዋለ ማኅበራችንን ያለ አንዳች እንከን ያገለገሉ» ይላል።

ማንበብ የማልችል ብሆን ኖሮ ደስ ብሎኝ ተሸክሜው ቤቴ እገባ ነበር። ግን ፊደል የቆጠርሁት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነውና አሁንም ቢሆን አንዲት ቃል ዘልዬ አላልፍም። «ያለ አንዳች እንከን» የሚለው ውሸት ነው። ይህን የምጽፈው እሱን ላርም ነው።

ማኅበሩ ሲጀመር ማኅበር አልነበረም። በሐይቁ ዙሪያ ጉድጓድ የሚያስቆፍር አንድ ፕሮጀክት ነበር፤ እኔ የቀን ሠራተኛ ሁኜ ድንጋይና ቧንቧ እሸከም ነበር። የፕሮጀክቱ ጊዜ አለቀና ነጮቹ ሄዱ፣ መኪናዎቹ ሄዱ፣ የቢሮው ወንበር ሳይቀር ተጭኖ ሄደ። የቀረው በየመንደሩ የተተከለው ፓምፕ ነው። እሱም በዓመቱ አንድ በአንድ መቆም ጀመረ። ጎማዋ የተበላች እንደሆነ የሚቀይራት ሰው አልነበረማ።

ያን ጊዜ ጋሽ ፈንታሁን አምስታችንን ሰበሰቡ። ዕድሜያቸውን በፋብሪካ መካኒክነት የጨረሱ፣ ከፕሮጀክቱም ጋር የሠሩ ሰው ናቸው። «ጉድጓድ የሚያስመርቅ አላጣንም፤ ጎማ የሚቀይር ነው ያጣነው» አሉን። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። መንደሩ በዓመት አንዴ ይከፍላል፤ ፓምፑ ሲቆም እኛ በሦስት ቀን እንደርሳለን፣ ማዶ ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው መርከብ። ያልከፈለ መንደር አይጠገንለትም። የመንደሩ ክፍያ ብቻውን ስለማያኖረን ከተማ ውስጥ የሆቴልና የባለ ፎቅ ሞተር እንጠግናለን፤ እዚያ ላይ አንራራም። «ሆቴሉ ለገበሬው ይከፍልለታል፤ አለማወቁ ነው እንጅ» እያሉ ይስቁ ነበር። አሁን ልጆቹ ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ ይሉታል። እኛ ስም ሳናወጣለት ነው የሠራነው። ደመወዛችንም እንደ ስማችን ነበር፤ አንዳንድ ወር አለ፣ አንዳንድ ወር የለም።

ስለ ጋሽ ፈንታሁን አሠራር ልናገር፤ የማውቀው ሁሉ የሳቸው ነው። ፓምፕ ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ ዕቃ አያወርዱም። ውኃ ካለው ቀድተው ይጠጣሉ። «ሰው የሚጠጣውን ያልጠጣህ እንደሆነ ምን ልትጠግን መጣህ?» ይላሉ። ቀጥለው የውኃ ኮሚቴውን ሰብሳቢ ትተው እንስራ ያዘለችዋን ሴት ይጠይቃሉ። ሰብሳቢው የሚያውቀው ስብሰባውን ነው፤ የእጄታው ክብደት የሚታወቀው በሷ ክንድ ነው። ከዚያ ኬሻ ያነጥፋሉ፤ የወጣችው ዘንግ ሁሉ በወጣችበት ተራ እኬሻው ላይ ትተኛለች፤ አንዷም አፈር አትነካም። አፈር የነካች ዘንግ ይዛ የምትወርደውን ቆሻሻ ያ መንደር ዓመት ይጠጣዋል። ፓምፑ ውኃ ሳያወጣ ምግብ አይቀምሱም። ሰው እንጀራ ይዞ ቆሞ ሲለምናቸው «ይቆየኝ፤ ገና ባለዕዳ ነኝ» ይሉ ነበር።

ምት መቁጠርንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጤነኛ ፓምፕ ሌሊቱን ሲያርፍ አድሮ ጠዋት እጄታውን ስትመታው በአራት በአምስት ምት ውኃ ያመጣል። የታችኛዋ ቫልቭ መላላት ስትጀምር ቧንቧው ውስጥ የቆመው ውኃ ሌሊት እየሾለከ ይወርድና ምቱ ስድስት ይሆናል፣ ሰባት ይሆናል። ዘጠኝ የደረሰ እንደሆነ ሊቆም ነው ማለት ነው። ፓምፕ ድንገት አይሞትም፤ አስቀድሞ ይናገራል።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው፤ የኔ ጥፋት ከሱ ይጀምራል። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር፣ ከየመንደሩ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ ጮክ ተብሎ ለሁላችን ይነበባል። ሞባይል ገና አገሩን ሳያዳርስ ነው፤ ሰው የሚጠራን በደብዳቤ ነበር። ቁማችን እንሰማለን። «ይህን የጻፈ ሰው መንገድ ሂዶ፣ ጸሐፊ ለምኖ ነው የጻፈው» ይላሉ። እኔ ማንበብ እንደማልችል ማንም አያውቅም ብዬ ነበር። ቁጥር አውቃለሁ። ዕቃውን በቅርጹና በክብደቱ አውቀዋለሁ። ፊርማ ሲመጣ እንደ ትል የተጠማዘዘች መስመር ለምጃለሁ። የሚነበበውን ሰምቼ በቃሌ እይዝ ስለነበር «ዋለ የሰማውን አይረሳም» ይሉኝ ነበር።

መጀመሪያ ብቻዬን የተመደብሁት ማክሰኝት ነው። ሁለት ዓመት በእግሬና በበቅሎ ዞርሁ። አንድ መንደር ብር አጥቶ የዓመቱን ክፍያ በነጭ ሽንኩርት ከፈለኝ፤ ሁለት ከረጢት ተሸክሜ ባሕር ዳር ስገባ ጋሽ ፈንታሁን ግቢው መሐል ቁመው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁብኝ። ከዚያ ግን ሽንኩርቱን ለሆቴሎቹ ሸጡት። ሥራዬን ወደውልኝ ኑሯል፤ ማክሰኝት ላይ ቅርንጫፍ ሊከፍቱ እሳቸው ሲሄዱ የባሕር ዳሩን አለቅነት ለኔ ሰጡኝ።

አለቃ ስሆን መጀመሪያ የሻርሁት ያን የጠዋት ንባብ ነው። አንባቢው አለቃው ነበርና። «ጊዜ ይፈጃል» አልሁ። አብረውኝ የቀሩት ሁለቱ ባልደረቦቼ ማንበብ ይችላሉ፤ «አንብቡልኝ» ማለት ግን ሞት መሰለኝ። ደብዳቤዎቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ላለ አንድ ዲያቆን ወስጄ አስነብብና ሰኞ «እዚህ ሂዱ፣ እዚያ ሂዱ» እላለሁ። እንዲህ እያልሁ ዓመት ከረምሁ።

ሰንሰል ሚካኤል ከደልጊ ወዲህ፣ ሐይቁ ዳር ያለች መንደር ናት። ፓምፗ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው የተተከለው። አንድ ጊዜ ገላዋ ሁሉ ቆስሎ የነበረ ሴት በዚያ ውኃ ታጥባ ዳነች ተባለ። እሰይ፣ ትዳን። ግን ወሬው ሐይቁን ተሻገረ። ሰው ከሩቅ እየመጣ ይጠመቅበት ጀመር፤ ለአንድ መንደር የተሠራ ፓምፕ የአውራጃ ሆነ። ውኃውም ጠበል ሆነ። ጠበል ደግሞ አይከፈልበትም።

የዓመቱን ክፍያ ልጠይቅ ሄድሁ። የደብሩ መሪጌታ፣ የኔታ አስረስ፣ ከሕዝቡ ጋር ፓምፑን ከበው ጠበቁኝ።

«አቶ ዋለ፣ ጠበል በብር ሲቀዳ ያዩበት አገር አለ?» አሉኝ።

«የኔታ፣ እኔ ጠበል አልሸጥሁም። ጎማ ነው የምቀይረው።»

አንጓች የምትባል ሴት ነበረች፤ የሦስት ዓመት ልጇን አዝላ ከፊት የቆመች፣ ምላሷ የማይያዝ። «ጎማዋም ይኸን ሁሉ ዘመን ጠበል ስትጠጣ ኑራ ዛሬ ታመመች?» አለች። ሕዝቡ ሳቀ።

«ሳቂ። ሲቆም እንገናኛለን» አልኋት።

«አያ ዋለ፣ እስቲ አንተም አንዴ ተጠመቅ። ይች ቁጣህ ብትለቅህ።»

ሰውየው ሴትየው፣ የኔታ ሳይቀሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ልጅቷ ትርንጎ፣ ምን እንደሆነ ሳታውቅ እናቷ ጀርባ ላይ ሁና እሷም ሳቀች። ዛሬ ሳስበው ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። «ሲሰበር እንዳትጠሩኝ!» ብዬ ዕቃዬን ይዤ መርከብ ተሳፈርሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ደብዳቤ ላኩ። ዲያቆኑ አነበበልኝ፤ ሁለቱም «ለጠበል ክፍያ አንከፍልም» የሚል ነው። ክረምቱ ገባ። ሰኔ ሚካኤል ያን ፓምፕ ስንት ሰው እንደተጠመቀበት እግዚአብሔር ይወቀው፤ በዚያው ሰሞን መርከበኛው ሦስተኛ ደብዳቤ አመጣልኝ። «ከሰንሰል ነው። የኔታ ‹በእጁ ስጥልኝ› ብለዋል» አለኝ። የደብሩን ማኅተም በመልኩ አውቀዋለሁ። ምን እንደሚልም የማውቅ መሰለኝ። ዲያቆኑ ጋ እንኳ አልወሰድሁትም። የኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትሁት።

በዚያን ጊዜ ወደ ደልጊ መንገድ የሚሄደው መርከብ በሳምንት አንድ ቀን ነበር። አንዱ መርከብ ሄደ። ሁለተኛውም ሄደ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ከቁልፌና ከትንባሆዬ ጋር ይታሻል።

ሦስተኛው መርከብ ሊነሣ ሲል፣ ጠዋት፣ ጋሽ ፈንታሁን ለዕቃ ከማክሰኝት መጡ። ገና ከመቀመጣቸው «ደብዳቤስ?» አሉ፤ ልማዳቸው ነው።

«ምንም የለም። ያው የሰንሰሎች ጭቅጭቅ ነው» ብዬ አወጣሁላቸው።

ሳይከፈት ነው። አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ ከፈቱና እንደ ዱሮው ጮክ ብለው አነበቡት። ዛሬም ቃሉን አልረሳሁም።

«ለአቶ ዋለ። ውኃው አይሸጥም ባልነው ጸንተናል። ብረቱ ግን የሰው ሥራ ነውና እንደሚያረጅ አየን። ስለዚህ ሕዝቡ ወር በገባ በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ቀን፣ ለብረቱ ብሎ የአቅሙን ሊያዋጣ ተስማምቷል። የመጀመሪያው ተሰብስቦ እኔ ዘንድ አለ። ፓምፑ ቁሟል። ሰው ሁሉ ከሐይቁ ዳር፣ ከብት ከሚጠጣበት ይቀዳል። ሕፃናቱን ተቅማጥ ጀምሯቸዋል። በሚቀጥለው መርከብ ይድረሱልን። ስላሳቅንብዎት ይቅር ይበሉን።»

ባልደረቦቼ መሬት መሬት ያያሉ።

«መቼ መጣ?» አሉኝ።

«ሁለት መርከብ አልፎታል።»

«ለምን?»

በሕይወቴ መጀመሪያ ጊዜ አፌን ሞልቼ ተናገርሁት። «ማንበብ አልችልም፣ ጋሼ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ። «ከመጀመሪያው ጀምሮ አውቃለሁ። ለዚህ አልነበረም እንዴ ጮኼ የማነበው? እኔ የምጠይቅህ ለምን አላስነበብኸውም ነው።»

ዕቃ ጭነን ወደ ወደቡ ሮጥን።

ሰንሰል ስንደርስ ሰው አልተቆጣም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጋሽ ፈንታሁን የሚጠጡት ውኃ አልነበረም፤ የደረቀውን የፓምፑን አፍ በእጃቸው ዳሰሱና ኬሻቸውን አነጠፉ። ዘንጎቹን አወጣን። መዳፍ የምታህል ጎማ ተበልታ አልቃለች፤ የታችኛዋ ቫልቭ ተሰንጥቃለች። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም። ለአንድ ሰዓት ሥራ ነው ያን ሁሉ ቀን ያስጠበቅሁት።

ውኃው ሲመጣ ሴቶቹ ተሰለፉ። አንጓች መጣች። ጀርባዋ ባዶ ነበር። የኔታ ወደ ጆሮዬ ቀረብ ብለው «ትርንጎን ዓርብ ቀበርናት» አሉኝ። ዓርብ ማለት ሁለተኛው መርከብ ከሄደ በኋላ ነው።

አንጓች እንስራዋን ከቧንቧው አፍ ሥር አስቀምጣ ቀና አለችና «ደብዳቤው አልደረሰህም ነበር?» አለችኝ።

አልደረሰኝም ብል መርከበኛውን ይረግሙት ነበር፤ እኔ እተርፍ ነበር። ሐሳቡ መጥቶልኝም ነበር፤ አልዋሽም።

«ደርሶኛል» አልኋት።

«ታዲያ?»

«ማንበብ አልችልም።»

አየችኝ። «እኔም አልችል» አለች። እንስራዋን አዝላ ሄደች። በአገሩ ደንብ ፓምፕ ለጠገነ ሰው የመጀመሪያውን ውኃ ሴቶቹ በዋንጫ ይሰጡታል። ያን ቀን ለጋሽ ፈንታሁን ሰጧቸው። ለኔ የሰጠኝ የለም፤ ልክ ናቸው።

የኔታ ለብረቱ የተሰበሰበውን በመሐረብ ቋጥረው ሲሰጡን ጋሽ ፈንታሁን ተቀበሉ። አልቀበልም ይላሉ ብዬ ነበር። ኋላ መርከብ ላይ ስጠይቃቸው «ብመልሰው ለኛ ሕሊና ነው የሚጠቅመው። ለሚቀጥለው ጎማስ ማን ይከፍላል?» አሉኝ። ከመሄዳችን በፊት ሴቶቹን ሰብስበው ምት መቁጠር አስተማሯቸው። «ጠዋት ጠዋት ቁጠሩ። አምስት ደህና ነው። ዘጠኝ ሲሆን ላኩብን፤ እስኪቆም አትጠብቁን» አሉ። «ማን ይቁጠር?» ሲባል ከኋላ «እኔ» ያለችው አንጓች ናት።

ባሕር ዳር ስንመለስ አለቅነቱን ልተው ስል እንቢ አሉኝ። «አለቅነቱን ይዘህ ፊደል ተማር። ሰው ፊት ተማር» አሉ። ፔዳ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጎልማሶችን ያስተምሩ ነበርና ማታ ማታ ሄድሁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የመጣውን ደብዳቤ ባልደረቦቼ ፊት ቁሜ በጣቴ እየተከተልሁ አነባለሁ። ላቤ ይወርዳል። የሁለት ደቂቃው ንባብ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አንድም ሰው ቁጭ አላለብኝም። በዓመቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እዳር ብቻዬን ያነበብሁት ያን የሰንሰልን ደብዳቤ ነው። «ስላሳቅንብዎት ይቅር ይበሉን» የምትለው ላይ ስደርስ መጨረስ አቃተኝ።

ለብረቱ የሚለው ነገር ከሰንሰል ወጥቶ ሌላውም መንደር ገባ። ክፍያ ሲባል የሚጨቃጨቀው ሰው ለብረቱ ሲባል ያዋጣል፤ አንዱ በማርያም፣ አንዱ በጊዮርጊስ፣ የእስላሞቹም መንደር በዓርብ። ማኅበራችን ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ነው። ጥቂት ዓመት ሆነ፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሥራችን ለእንግዶች ሲቀርብ ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ። ግድግዳው ላይ ፎቶ እያበሩ «ይህን የማሰባሰቢያ ስልት ማኅበሩ ቀርጾ» ይላሉ። ማኅበሩ አልቀረጸውም። የሰንሰል ሰዎች ቀርጸው ጽፈው ላኩት፤ እኔ ከትንባሆ ጋር ኪሴ አደረግሁት። ለሻይ ሲወጡ ለሥራ አስኪያጇ ነገርኋት። ፊቷ ቀላና ሁለተኛ ስታቀርብ የመንደሩን ስም ጨመረች። የትርንጎን ስም ግን በዚያ አዳራሽ ማን ያነሣል?

ጋሽ ፈንታሁን ካረፉ ቆዩ። አንጓች ትቆጥራለች። መጀመሪያ በመርከበኛው በቃል ትልክ ነበር፤ ቀጥሎ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ለትልልቆች ሲከፍት ገባችና በወረቀት ትልክ ጀመር፤ አሁን በስልክ መልእክት ነው። ሰላምታ የላትም፤ ቁጥሩን ብቻ በፊደል ትጽፋለች። ዘጠኝ ሲል እሄዳለሁ። እደርሳለሁ፣ ቀድቼ እጠጣለሁ፣ ኬሻ አነጥፋለሁ፣ እጠግናለሁ። እሷ ቁማ ታያለች። ስጨርስ እጄታውን ራሷ ትመታና «አምስት» ትላለች። በሃያ ሁለት ዓመት ከዚህ ያለፈ አልተናገረችኝም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ ምን ብዬ? ያ ፓምፕ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ቁሞ አያውቅም።

ስወጣ የቢሮውን ስልክ ቁጥር ለሁሉም መንደር ላክሁ። «ከእንግዲህ በዚህ ላኩ፤ ዋለ ጡረታ ወጥቷል» ብዬ። ሁሉም «እድሜ ይስጥህ» ምናምን ብለው መለሱልኝ። አንጓች አልመለሰችም።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። አነበብሁት። «ዘጠኝ።»

ቢሮ ደውዬ ነገርሁ። አንዱ ወጣት ነው ያነሣው። «ጋሼ፣ ለሰንሰል የሚመጣው ማክሰኞ ተይዞለታል» አለኝ።

«መርከቡ ነገ ነው።»

«እርስዎኮ ጡረታ ወጥተዋል!» ብሎ ሳቀብኝ።

«እኔ ወጣሁ እንጅ ጎማዋ አልወጣችም። መፍቻዎቹን አውጣልኝ፤ ማታ አንተም ተዘጋጅ፤ አብረኸኝ ትሄዳለህ» አልሁት። መቁጠርን ከሷ አፍ ይስማ ብዬ ነው።

ከዚያ ክፈፉን ከግድግዳ አውርጄ ወረቀቱን አወጣሁ። «ያለ አንዳች እንከን» የምትለዋን በእስክሪብቶ ሰረዝሁና መልሼ ሰቀልሁት። ኬሻዬን ጠቀለልሁ። ነገ ሰንሰል እደርሳለሁ። ውኃ ትሰጠኝ እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠብቅምም። ዘጠኙን አምስት አድርጌ እመለሳለሁ።